ሲበላሽ ማን ይጠራል?

ቢንሳር ሲቲንጃክ ጎሚስታ ነው። ከሲያንታር ከተማ መውጫ ላይ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከእንጨት ቤቱ ደጃፍ ኮምፕሬሰሩን ተክሎ ሠላሳ ዓመት የሰው ጎማ ሲለጥፍ ኖሯል። ከሥራ በኋላ ግን እጁን በናፍጣ ታጥቦ ቱዋክ ቤት ይሄዳል። እዚያ የዘንባባው ጠጅ በብርጭቆ እየዞረ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ይዘፍናል። ከሦስቱ የእሱ ድርሻ ሁለተኛ ድምፅ ነበር፤ መሀለኛው፣ ማንም ለብቻው ለይቶ የማይሰማው፣ ሲጠፋ ግን ሁሉም «ምን ጎደለ?» የሚለው ድምፅ።

እንዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ከዘፈኑ በኋላ አንደኛው ጓደኛው ልጁን ተከትሎ ባታም ደሴት ገባ፤ ሌላው በዝናቡ ወራት ታሞ ሞተ። ቢንሳር ሁለተኛ ድምፁን ታቅፎ ብቻውን ቀረ። ብቻውን ሲዘፍን የሰማው ሁሉ ያዝንለታል፤ ጣራውም ግድግዳውም ፈርሶ ማገሩ ብቻ የቆመ ቤት ይመስል ነበር።

አንድ ቀን አናናስ የጫነ ሹፌር ጎማው እስኪለጠፍለት ስልኩን ከፍቶ አንድ ዘፈን አሰማው። ሦስት ድምፅ ነው፤ ግን ሦስቱም ያው አንድ ልጅ ነው።

«ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር ነው የቀዳው» አለው ሹፌሩ። «መጀመሪያ አንዱን ይዘፍናል፤ ከዚያ እሱን በጆሮው እየሰማ ሌላውን ይደርብበታል።»

«ሦስቱም ራሱ? እና የሚጨቃጨቅ የለም?»

«ማን ከማን ጋር ይጨቃጨቃል?»

ቢንሳር የሰውየውን ጎማ ሁለት ጊዜ ለጠፈው፤ ሐሳቡ ከእጁ ርቆ ሄዶ ነበር። በሳምንቱ የቆመውን ባለ ሞተር ጋሪውን ሸጦ ገንዘቡን ለሚስቱ ለሩሞንዳንግ ሰጣት። «ኮምፒውተር እንገዛለን» አላት። እሷም «ግዛ፤ ግን ለማንም እንዳትናገር» አለችው።

እሱ ግን በዚያው ቀን ቱዋክ ቤት ተናገረ።

በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት ታላቅ ወንድሙ ሁማላ ደጃፉ ላይ ቆሞ አገኘው። ሁማላ በትምህርት ቤት ጸሐፊነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በእኩል ድምፅ ነው የሚናገረው።

«ዊንዶውስ!» አለ ሰላምታ ሳያስቀድም። «ማዘጋጃ ቤቱ በዊንዶውስ ነው፣ ባንኩ በዊንዶውስ ነው፣ ሆስፒታሉ በዊንዶውስ ነው። አንተ ከሰው ተለይተህ የት ልትደርስ ነው?»

«አባንግ፣ እኔ እኮ ልዘፍንበት ነው እንጂ ባንክ ልከፍትበት አይደለም» አለ ቢንሳር፤ አባንግ የሚባለው ታላቅ ወንድም ነው።

«ቀዩ ሣጥን አለኝ» አለ ሁማላ። ልጁ ጊታር ሊማር ብሎ የተገዛ፣ ማይክና ኮምፒውተርን የሚያገናኝ ትንሽ ሣጥን ነው። «እሱንም አውስሃለሁ። ግን ለዊንዶውስ ነው የማውሰው።»

ሁማላ ሳይሄድ የቢንሳር እህት ባል ጎምጎም መጣ። ጎምጎም ስልክና ሬዲዮ ይጠግናል፤ ዝምተኛ ነው፤ ሲናገርም መሬት መሬት እያየ ነው።

«ላኤ፣ ሊኑክስ የሚባል አለ» አለው፤ እኩያ አማቾች የሚጠራሩት እንዲህ ነው። «አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ነፃ ነው።»

«ነፃ ነገር ሰጥቶኝ በኋላ ያላስለቀሰኝ ሰው አላየሁም።»

«ዋጋው ትዕግሥት ነው» አለ ጎምጎም፣ አሁንም መሬቱን እያየ።

ሁማላ ሳቀበት። «ፔንግዊን የሚሳልበትን ነው? አገራችን ሞቃት ነው፣ ፔንግዊኑ ይሞትብሃል!»

በዚህ መሀል ነው የሩሞንዳንግ ታላቅ ወንድም ማሮሎፕ ሁታጋኦል የደረሱት። ሦስቱም ብድግ አሉ። ቢንሳር እጁን በሱሪው ጠረገ፤ ጎምጎም ወንበር አቀረበ፤ ሁማላ እንኳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ማሮሎፕ በመሬት መዝገብ ቤት ኃላፊ የነበሩ፣ አጠር ያሉ፣ ኮታቸውን በሙቀትም የማያወልቁ ሰው ናቸው። በእጃቸው በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል፤ እንደታቀፉት ሕፃን።

«ማክ» አሉ ፎጣውን እየገለጡ። «ልጄ ከጃካርታ የላከልኝ። ሙዚቀኛ ማለት ማክ ነው። ይኸው፤ ነገሩ አለቀ።»

ለባታክ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ በእርግጥ ማለቅ ነበረበት። የሚስት ወንድም በዓይን የሚታይ አምላክ ነው ይባላል። የቢንሳር አባት ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰብስቦ የመከራቸው ይህንኑ ነበር፦ ለሚስትህ ወንድም ስገድ፣ ከራስህ ወንድም ተጠንቀቅ፣ የእህትህን ባል አባብል። ስለ ኮምፒውተር ግን ምንም አላለም።

ቢንሳር አንገቱን ደፍቶ «እናስብበታለን ቱንጋኔ» አለ። የሚስቱን ወንድም በክብር የሚጠራው እንዲህ ነው። ማሮሎፕ ቅንድባቸውን አነሱ። «እናስብበታለን» የሚባለው ለሌላ ሰው ነው።

ሲሄዱ ሩሞንዳንግ ከጓዳ ወጣች። «ቲዩር ልታገባ ሦስት ወር ነው የቀራት» አለች። «ልጄ የምርቃቱን ኩታ፣ ኡሎሱን ትከሻዋ ላይ የሚደርብላት አጎቷ ነው። ወንድሜ ካኮረፈ ሠርጉ ሠርግ አይደለም።»

«ታዲያ ማኩን ልግዛ?»

«ከገዛህ ሁማላ አለ። እሱ ሲያኮርፍ ደግሞ አይቀርም፤ ይመጣና እዚሁ ተቀምጦ ነው የሚያኮርፈው።»

ትንሽ አሰበችና፦ «ቅዳሜ ሦስቱም ማሽናቸውን ይዘው ይምጡ። አንድ ዘፈን በሦስቱም ትቀዳለህ። የማን እንደሚሻል ጆሮ ይፍረድ» አለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከጎማ ቤቱ ጀርባ ያለው ክፍል ተዘጋጀ። ቢንሳር የቤቱን ፍራሾች ሁሉ ግድግዳው ላይ አቁሞ በገመድ አስሯል፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ጎምጎም ነው የነገረው። ኮምፕሬሰሩን ነቀለ። ዶሮዎቹን በቅርጫት ከደነ። ሩሞንዳንግ ዓሣውን በቅመም ጥዳለች፤ ሽታው ከፍራሾቹ መሀል እየገባ ሰውን ሁሉ ቶሎ ቶሎ ምራቁን ያስውጣል።

በሥርዓቱ መጀመሪያ የማሮሎፕ ማክ ተከፈተ። ቀዩ ሣጥን ሊሰካ ሲል የሣጥኑ ገመድና የማሽኑ ቀዳዳ አልገጠሙም፤ ገመዱ ሰፊ፣ ቀዳዳው ጠባብ።

«ሣጥኑ ጋጠ ወጥ ነው» አሉ ማሮሎፕ።

«ሣጥኑ ምን አረገ? ቀዳዳው ነው እንጂ!» አለ ሁማላ።

ጎምጎም ከቦርሳው አንድ ማገናኛ አውጥቶ ሰካው። ከዚያ ማይኩን ለሙከራ ለማሮሎፕ ሰጣቸው። «አንድ፣ ሁለት ይበሉልን» አላቸው።

ማሮሎፕ ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በአንድና ሁለት ፈንታ አንድ ሙሉ የሠርግ ዘፈን ከነአዝማቹ ተወጡት። ድምፃቸው ትልቅ ነው፤ ቤቱን ይሞላዋል። ችግሩ የሚሞላው በሌላ ዜማ መሆኑ ነው። ሁማላ ጣራውን ማየት ጀመረ። ከቅርጫቱ ውስጥ ዶሮው ጮኸ። ሲጨርሱ ጎምጎም ማያ ገጹን አየና «ማይኩ ይሠራል» አለ።

ቀጥሎ ቢንሳር የራሱን ሁለተኛ ድምፅ ቀዳ። ጥሩ ወጣ። አንደኛውን ሊደርብበት ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሲያስተካክል ማሮሎፕ እጁን ያዙት።

«አንደኛውን ለእኔ ተወው» አሉ። «አንተ ምን ያደክምሃል?»

«ኧረ ቱንጋኔ፣ ዛሬ ሙከራ ብቻ ነው…» ብሎ ቢንሳር እንደምንም አለፈው።

የሁማላ ዊንዶውስ ተራ ደረሰ። ቢንሳር ማዳመጫውን አድርጎ መዝፈን ጀመረ፤ ግን የራሱ ድምፅ ዘግይቶ ነው ወደ ጆሮው የሚመጣው፣ ቱዋክ አብዝቶ ከኋላ እንደሚንገዳገድ ጓደኛ። ልጠብቀው ብሎ ዘገየ። እሱ ሲዘገይ ድምፁም ዘገየ። እንዲህ ሲጠባበቁ የፍቅሩ ዘፈን የቀብር ሆነ።

«ቁም! ቁም!» አለ ሁማላ። «ወንድሜን ምን ነካው?»

ጎምጎም አጎንብሶ አየ። «የሣጥኑን ፕሮግራም አልጫንከውም እኮ። መመሪያው ላይ ተጽፏል።»

«መመሪያ የሚያነበው የማያውቅ ሰው ነው!»

ጎምጎም ጫነው፤ ሁለት ቦታ ነካ ነካ አደረገ፤ ድምፁ በሰዓቱ መምጣት ጀመረ። «እስቲ ልሞክረው» አለ ሁማላ፣ ማይኩንም ነጥቆ ዓይኑን ጨፍኖ ሦስተኛውን፣ ወፍራሙን ድምፅ ለቀቀው። ደህና ነው፤ እንዲያውም ጥሩ ነው። ዓይኑን ሲገልጥ ወንድሙን አየ። «የሟቹን ቦታ የሚይዝ ሰው እስካሁን አላገኘህም፣ አይደል?» አለው፣ እንዲሁ ለወሬ ያህል እንደሚጠይቅ።

በመጨረሻ ጎምጎም አሮጌ ላፕቶፑን ከፈተ። ጥቁር ማያ ላይ ነጫጭ ፊደሎች ይወርዱ ጀመር። ጻፈ፤ ጠበቀ፤ ጻፈ።

«የማንን ኑዛዜ ነው የምትጽፈው?» አለው ሁማላ።

ዓሣው ቀረበ። ሦስቱ በሉ፤ ጎምጎም አንድ እጁ ሳህን ላይ፣ አንድ እጁ ፊደሉ ላይ ነበር። ዓሣው ወደ አጥንት ሲቀር «ደርሷል» አለ። ማይኩንም ለመፈተን ቀስ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ፍራሹ አዙሮ፣ አንደኛውን ድምፅ አንጎራጎረ።

ሁሉም ማኘክ አቆሙ። ከዚያ ዝምተኛ ሰው እንዲህ ያለ ከፍ ያለ፣ የጠራ፣ ማር የመሰለ ድምፅ ይወጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ዐሥራ አምስት ዓመት በየድግሱ ሌላው ሲዘፍን እሱ ጓሮ ድስት ሲያማስል ኖሯል፤ የእህት ባል ሥራው ነውና። አንድ ሰው «አንተስ?» ብሎት አያውቅም።

ቢንሳር በቀሩት በሁለቱም ቀድቶ ሲጨርስ ሦስቱን ቅጂ ከፍተው ሰሙ። ቢንሳር ደጋግሞ ሰማ።

«ሦስቱም እኔን ነው የሚመስሉት» አለ።

ያኔ ጉድ ፈላ። ማሮሎፕ የማኩ ጥራት እንደ ምንጭ ውሃ ነው አሉ፤ ሁማላ የዊንዶውሱ እውነተኛ ነው አለ፤ ማሮሎፕ እውነተኛ ማለት ሻካራ ማለት ነው አሉ። ቢንሳር እያያቸው ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባው፤ እነዚህ ሰዎች የሚጣሉት ስለ ማሽን አይደለም። ማሽኑ የማን እንደሆነ ከታወቀ ዘፋኙም ይታወቃል ብለው ነው።

ደጅ የሞተር ሳይክል ጡሩምባ ሰማ። ጎማው የተነፈሰበት ደንበኛ ነው። ቢንሳር እንዲህ ደስ ብሎት ተነሥቶ አያውቅም። ወጥቶ የውስጡን ጎማ አወጣና ቀዳዳውን ሊፈልግ የውሃው ገንዳ ውስጥ ነከረው። ሩሞንዳንግ ተከትላው መጣች።

«የቱ ነው የተሻለው?» አለችው።

«ሁሉም። ችግሩ እሱ ነው።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሲበላሽ ማንን ትጠራለህ?»

ቢንሳር ጎማውን እንደነከረ ቀረ። የሚስቱን ወንድም ኑና ጠረጴዛ ሥር ገብተው ሽቦ ይፈልጉልኝ አይባልም። እሳቸው ከተጠሩ በወግ ነው፤ አሣማ ይታረዳል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ማሽኑ የሚታየው ከዚያ ወዲያ ነው። ሁማላ ይመጣል፤ መምጣቱንስ ይመጣል፤ የዛሬ ዓመት የሚያፈስ ቆርቆሮ ሊያይ መጥቶ ዘጠኝ ቀን ከርሟል፣ ቆርቆሮውም እስከ ዛሬ ያፈሳል። የእህት ባል ግን ወጉ የፈጠረው ሊጠራ ነው። አልመጣም አይልም። ትንሽ ማባበል ብቻ ነው የሚፈልገው።

«ሊኑክስ» አለ ቢንሳር። ከጎማው አረፋ ወጣ፤ ቀዳዳው ተገኘ።

«እሱን አውቄያለሁ» አለች ሩሞንዳንግ። «አሁን ግባና ሳታስቀይም ንገራቸው።»

ቢንሳር እጁን ታጥቦ ገባ፤ በሁለት እጁ ማኩን አንሥቶ ለማሮሎፕ አቀረበላቸው። «ቱንጋኔ፣ ይህ ማሽን ለእኔ ቤት ይከብራል። እዚህ ሙጫ አለ፣ አቧራ አለ። የእርስዎን ማሽን እዚህ ማኖር ኡሎስ አንጥፎ መኪና ሥር እንደመተኛት ነው።» ማሮሎፕ አሰቡበትና «እውነት ነው» አሉ፤ ፎጣውንም መልሰው ጠቀለሉ። ወደ ሁማላ ዞረ። «አባንግ፣ ያንተ ሣጥን ከሌለ የትኛውም ማሽን ደንቆሮ ነው።» ሁማላ ደረቱን ነፋ። «ሦስተኛ ድምፅም አንተ ነህ» ሲለው ደግሞ ዊንዶውስን ለዘላለም ረሳው። ጎምጎምን ግን ማባበል እንኳ አላስፈለገም፤ «አንደኛውን አንተ ትዘፍናለህ» ሲባል ጆሮው ድረስ ቀላ።

«የለም» አሉ ማሮሎፕ። «ማሽኑ የማንም ይሁን። አንደኛ ድምፅ እኔ ነኝ።»

ሰው አምላኩን ዜማህ ተሰብሯል አይለውም።

ጎምጎም ወደ ቢንሳር ጠጋ አለና «ላኤ፣ ማያው ላይ እያንዳንዱ ድምፅ የየራሱ መንገድ አለው» ብሎ በጆሮው ሹክ አለው። «አንዱን መንገድ ቢዘጉት ሌላው አይነካም።»

ቢንሳር ከዚያ በፊት ሰው አታሎ አያውቅም፤ ጎማ እንኳ ሳይበሳ ተበስቷል አላለም። ግን የልጁ ሠርግ ትዝ አለው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አራቱም ዘፈኑ። ማሮሎፕ እንደ አንበሳ አገሱ። ሲሄዱ ጎምጎም መንገዳቸውን ዘጋ፤ የቀሩት ሦስት ድምፆች እርስ በርስ ተቃቅፈው ወጡ። ቢንሳር ሲሰማው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ማሮሎፕ ሊሰሙ መጡ። ማዳመጫውን አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዘፈኑ አለቀ። ማዳመጫውን አወለቁ።

«እኔ የት አለሁ?»

«ከሥር ነዎት ቱንጋኔ» አለ ቢንሳር ምላሱ እየተሳሰረ። «እንደ መሠረት። መሠረት… አይታይም።»

ማሮሎፕ እንደገና አደረጉት። እንደገና ሰሙ። «ይህን ያህል ጥልቅ መሠረት» አሉ በመጨረሻ፣ «ጉድጓድ ነው የሚባለው።»

ቢንሳር መሬቱ ቢከፈትለት በገባ። ያኔ ሩሞንዳንግ የምትወቅጠውን በርበሬ ትታ መጣችና ከወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች።

«ኢቶ» አለችው፤ እህት ወንድሟን እንዲህ ነው የምትጠራው። «ልጅ ሆነን መዘምራኑ ውስጥ እናታችን ከምሰሶው ጀርባ ያቆመችህ ትዝ ይልሃል? ረጅም ስለሆንክ የኋላውን እንዳትከልል ያለችህ?»

«ትዝ ይለኛል።»

«ውሸቷን ነው።»

ማሮሎፕ ቀስ ብለው «እኔ ረጅም አይደለሁም» አሉ።

«አይደለህም።»

ሁማላ አፉን በእጁ ያዘ። ጎምጎም መሬቱን አየ። ቢንሳር የሚመጣውን ቁጣ ለመቀበል አንገቱን ሰበረ። ማሮሎፕ ግን የኮታቸውን ቁልፍ ሲነካኩ ቆዩና ባልተለመደ ለስላሳ ድምፅ ተናገሩ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእኔ ባዳ ቢሆንም ደንቆሮ አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ እናንተ ስትዘፍኑ እኔ ከደጅ ቆሜ ነው የምሰማው። አንድ ቀን እንኳ ከውስጥ ሆኜ ልስማው ብዬ ነው።»

ጎምጎም፣ በማሮሎፕ ፊት ሐሳቡን ተናግሮ የማያውቀው ጎምጎም፣ «ንግግሩስ?» አለ።

«የምን ንግግር?»

«ከዘፈኑ በፊት። በሠርጉም በቀብሩም እንደ እርስዎ የሚናገር በሲያንታር የለም። ሰው ሳይናገርለት የሚጀመር ዘፈን እኮ ሥርዓት የለውም።»

ማሮሎፕ ቀና አሉ። ቀጥለው ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ።

ያለ ወረቀት፣ ያለ ልምምድ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገሩት። ከዘር ግንዱ ጀመሩ፤ ሐይቁን አመሰገኑ፤ የሞተውን ዘፋኝ በስሙ ጠርተው ከሩቅ አገር እንደሚመጣ እንግዳ ተቀበሉት፤ ባታም የገባውን ገሠጹት፤ በየመሀሉ ምሳሌ ጣሉ፤ ጎማ ለጣፊን ከሸማኔ ጋር አነጻጸሩ። ሁማላ አለቀሰ፤ ኋላ ላይ የበርበሬው ነው ብሎ ካደ። ንግግሩ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ተኩል ነው።

ማሮሎፕ ከሄዱ በኋላ ጎምጎም እጁን ማውሱ ላይ አድርጎ «ላኤ፣ ትንሽ ልቁረጠው?» አለ።

«እጅህን አንሣ» አለ ቢንሳር።

ቅጂው ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ፤ ቱዋክ ቤት ደረሰ፤ አውቶቡስ ውስጥ ገባ። ሰው ዘፈኑን ወደደው። ንግግሩን ግን በቃሉ ያዘው፤ የገበያ ሴቶች ሳይቀሩ በምሳሌዎቹ ይሰዳደቡ ጀመር። ወሩ ሳያልቅ ከባሊጌ ከተማ ሦስት ሰዎች ጎማ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ጎማቸው ደህና ነው። ቢንሳር ልብሱን አራግፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ቀረባቸው።

«እኛም ቤታችን ዘፈን ልንቀዳ ነው» አሉት። «ድምፅ አለን። ሽማግሌውን ብቻ ነው የፈለግነው።»

ማሮሎፕ በዚያ ሰዓት እዚያው ነበሩ፤ ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ወንበር ላይ። ሰዎቹን ከእግር እስከ ራስ ተመለከቷቸው።

«በምን ማሽን ነው የምትቀዱት?» አሉ።

ሦስቱ እርስ በርስ ተያዩ። «እሱን ገና አልወሰንንም» አለ አንደኛው።

ማሮሎፕ በረጅሙ ተነፈሱ፤ ወደ ቢንሳርም ዞረው «ለእነዚህ ሰዎች ወንበር አምጣላቸው» አሉ። «ሩሞንዳንግንም ዓሣ ጣጂ በላት።»